ማየት፣ መንካትና መቁጠር፤ ለመማር ለሚቸገሩ ልጆች የምንሰጣቸው መልመጃዎች ሲመዘኑ

በዚህ ጽሑፍ ለመማር ለሚቸገሩ ልጆች በየክፍላችን የምንሰጣቸውን የማስተዋልና የመቁጠር መልመጃዎች ለመመዘን እንሞክራለን። የማስተዋል መልመጃ የምንለው ልጁ በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ ነገሮችን እንዲለይ የሚያደርገውን ነው። ቀለም መለየት፣ ቅርጽ ማዛመድ፣ ረጅሙን ከአጭሩ አጠገብ መደርደር፣ ከብዙ ሥዕል መሀል አንዱን ፈልጎ ማግኘት የመሳሰሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመቁጠር መልመጃ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለቱም ከአንዱ ሥልጠና ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ወደ ሌላው እየተላለፉ እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ነገር ግን “ይሄ መልመጃ ልጁን የት ያደርሰዋል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይሰማም።

መጠየቅ ያለበት ግን ይኸው ነው። አንደኛ ክፍል ሁለትና ሦስት ዓመት የሚደጋግሙ ልጆች በየካምፑ አሉ። ጓደኞቻቸው አልፈው ሲሄዱ እነሱ ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ሱቅ ተልኮ ስንት ሽልንግ እንደተመለሰለት ካላወቀ ይታለላል። ሬሽን ቦታ ቆሞ ስንት መስፈሪያ እንደተሰፈረ ካላወቀ ቤተሰቡ ይጎዳል። ጊዜው ውድ ስለሆነ ቀለም ሲቀባና ሥዕል ሲያዛምድ የሚያልፈው ዓመት በከንቱ መሆን የለበትም። ስለዚህ መልመጃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በአፍ መቁጠርና ቁጥርን ማወቅ

በብዙ ክፍሎች የሚሰማው የመጀመሪያው መልመጃ የጋራ ቆጠራ ነው። መምህሩ “አንድ!” ይላል፤ መቶ ልጅ “አንድ!” ብሎ ይመልሳል። እስከ ሃምሳ ወይም እስከ መቶ ይዘለቃል። ድምፁ ያምራል፣ ክፍሉም የነቃ ይመስላል። ችግሩ ምንም የማያውቀው ልጅ ከሚያውቀው እኩል መጮህ መቻሉ ነው።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ጥናት ትንንሽ ልጆችን “ይህን ያህል ስጪኝ” እያለች ፈትና ነበር። ያገኘችው ነገር ለኛም ይጠቅማል። እስከ አምስትና ከዚያም በላይ በአፉ የሚቆጥር ልጅ “ሦስት ስጠኝ” ሲባል እፍኙን ዘግኖ ሊሰጥ ይችላል። አንድን ብቻ የሚያውቁ፣ ሁለትን ብቻ የሚያውቁ፣ እስከ ሦስት የሚያውቁ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው “የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው ብዛት ስም ነው” የሚለውን ይረዳሉ። ለመማር የሚቸገር ልጅ ግን ዘጠኝና አሥር ዓመት ሞልቶትም እዚያው ሁለት ላይ ወይም ሦስት ላይ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ፈተና አሥር ቆርኪ ይበቃል። ልጁን ለብቻው ጥሩና “ሁለት ስጠኝ” በሉት። ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ቆጥሮ “ይኸው ቲቸር” ካለ ያውቃል ማለት ነው። ዝም ብሎ ካፈሰ ግን የት ላይ እንደቆመ አወቃችሁ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው። ሦስት ላይ ያለን ልጅ እስከ መቶ ማስጮህ መሠረት ሳያወጡ ጣራ እንደመምታት ነው።

ሮሼል ጌልማንና ቻርለስ ጋሊስተል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ መቁጠር ምን ምን እንደሚጠይቅ በአምስት ነጥብ ዘርዝረውታል። አንድ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ ያገኛል። ቃሎቹ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው ብዛት ነው። ማንኛውም ነገር፣ ጭብጨባም ጭምር፣ ይቆጠራል። ከየትኛው ዕቃ ቢጀመር ውጤቱ አይለወጥም። የክፍላችን የጋራ ቆጠራ ከነዚህ ከአምስቱ የሚያስተምረው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እሱ አይጠቅምም አንልም፤ አራቱ ግን ይቀራሉ።

የወረቀቱ መልመጃ

ሁለተኛው ዓይነት መልመጃ በወረቀት ላይ የሚሠራው ነው። “ተመሳሳዩን አክብብ፣ ነጥቦቹን አገናኝ፣ በተዘበራረቀው መስመር ውስጥ የተደበቀውን ኮከብ ፈልግ” ይላል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በጣም የታወቀው ምንጭ በቪየና ተወልዳ በሎስ አንጀለስ የሠራችው ማሪያን ፍሮስቲግ ነች። በ1960ዎቹ ባወጣችው ፈተናና ማሠልጠኛ የዓይንን ማስተዋል በአምስት ከፍላዋለች። እነሱም ዓይንና እጅን ማቀናጀት፣ ምስልን ከኋላው ካለው ለይቶ ማየት፣ ቅርጽ ቢተልቅም ቢያንስም ያው መሆኑን ማወቅ፣ የአንድን ነገር አቀማመጥ መለየት፣ ነገሮች እርስ በርስ ያላቸውን ቦታ ማወቅ ናቸው። ሐሳቡ ማስተዋል ሲጠነክር ንባቡም ሒሳቡም ይከተላል የሚል ነበር።

ሐሳቡ ልብ ይስባል። ሲመረመር ግን አልጸናም። ኬኔት ካቫሌና ዴኒስ ማትሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ማስተዋልና እንቅስቃሴ ሥልጠና የተሠሩ 180 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ያገኙት ጥቅም ከምንም የማይቆጠር ያህል ትንሽ ነበር። ኮከብ መፈለግ የተለማመደ ልጅ ኮከብ መፈለግ ይችላል፤ በዚያ ምክንያት ብቻ መደመር አይችልም ማለት ነው።

ይህን ስንል ወረቀቱ ሁሉ ይቃጠል ማለታችን አይደለም። 6ን ከ9፣ 2ን ከ5 ለሚያምታታ ልጅ እነዚሁን ቁጥሮች ለይቶ ማክበብ ቀጥተኛ ልምምድ ነው። እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ ልጅም መስመር መከተል ይረዳል። የምንቃወመው ወረቀቱ የሒሳብን ቦታ ሲይዝ ነው። ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚታደለው ልጁ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነው። መቶ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ዝምታው ትምህርት ነው ብለን መመዝገብ የለብንም።

ሌላም ነገር አለ። ቁጥር ላይ ዓይን ብቻውን ያታልላል። ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ልጆችና ቁጥር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ስድስት ነገር ተጠጋግቶ ሲደረደርና ያው ስድስቱ ሲበታተን ትንሽ ልጅ የተበታተነው “በለጠ” ይላል። እስከ ሦስትና አራት ያለውን ብዛት ዓይን ሳይቆጥር ያውቀዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መቁጠር የግድ ነው። ታዲያ ለልጁ የሚያስፈልገው የዓይን ልምምድ ብዛት ያለበት ልምምድ ነው። ዳይስ ላይ እንዳለው አራትን ሁለትና ሁለት፣ አምስትን አራትና መሀል ላይ አንድ አድርጎ ማየት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የሞንቴሶሪ ዘንጎችና ሳጥን

ከውጭ ከመጡት መልመጃዎች ከሁሉ የተሻለ ተመዝኖ የሚገኘው የማሪያ ሞንቴሶሪ ሥራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት፣ በ1900 ገደማ “አይማሩም” የተባሉ ልጆችን ታስተምር ነበር። መሣሪያዎቿም ከዚያ ሥራና ከእርሷ በፊት ከነበረው ከፈረንሳዊው ኤዱዋር ሴጌን የተወረሱ ናቸው። እንግዲህ መነሻቸው ራሱ እንደኛ ተማሪዎች ያሉ ልጆች ናቸው።

የቁጥር ዘንጎቹ አሥር ናቸው። የመጀመሪያው 10 ሳንቲ ሜትር፣ የመጨረሻው አንድ ሜትር ሲሆን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ሰማያዊ እየተፈራረቀ ተቀብተዋል። ልጁ አምስትን በእጁ ይይዘዋል፣ ከአራት መብለጡን በዓይኑ ያያል፣ ክፍሎቹን እየነካ በአፉ ይቆጥራል። ማየት፣ መንካትና መቁጠር አንድ ላይ ሆኑ ማለት ነው። ከወረቀቱ መልመጃ የሚለየውም በዚህ ነው፤ እዚህ ልጁ የሚያስተውለው ነገር ቁጥሩ ራሱ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸው ክፍሎች ያሉት ሳጥንና 45 እንጨቶች ናቸው። ልጁ ቁጥሩ ያዘዘውን ያህል እንጨት በየክፍሉ ያስገባል። የዜሮ ክፍል ባዶ ይቀራል፤ ዜሮ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማብራሪያ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ እንጨት ከተረፈ ወይም ካነሰ ልጁ የሆነ ቦታ እንደተሳሳተ ራሱ ያውቃል። መምህሩ “ተሳስተሃል” ማለት አያስፈልገውም። ዓመት ሙሉ “ተሳስተሃል” ሲባል ለኖረ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንከኑንም እንናገር። አንደኛ፣ መሣሪያው የተሠራው ጥቂት ልጆች ሰፊ ወለል ላይ ቁጭ ብለው እንዲሠሩ ነው። አንድ ዘንግ ለመቶ ልጅ ምኑም አይደለም። ሁለተኛ፣ በዘንጉ ብቻ የተማረ ልጅ “አምስት” ማለት “ይህን ያህል ርዝመት” ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በአምስት ጠጠር፣ በአምስት ጭብጨባ፣ በአምስት ሰው መፈተን አለበት። ሦስተኛው የዋጋው ነገር ነው። ይህኛው ግን መፍትሔ አለው። ዘንጎቹን ከዘይት ካርቶን ቆርጦ በሁለት ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ሳጥኑን ደግሞ አሥር ባዶ ቆርቆሮና 45 ጭራሮ ይተካዋል። የቆርቆሮው አፍ ስለታም እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። በባቄላና በበቆሎ ማስቆጠር አንመክርም። እህል መጫወቻ ማድረግ በብዙ ቤት ነውር ነው፣ የራበው ልጅም ቆጥሮ ሳይጨርስ ይበላዋል። ጠጠርና ቆርኪ ይሻላል፤ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ግን እነሱም ትልልቅ ይሁኑ።

የራሳችን ጨዋታዎች

ብዙ ሰው “የኛ ጨዋታ ከሁሉ ይበልጣል” ብሎ ገበጣን ያነሳል። ገበጣ፣ በስዋሂሊ ባኦ የሚባለው ዘመዱም፣ ጥሩ መልመጃ መሆኑ እውነት ነው። አንድ ጠጠር ለአንድ ጉድጓድ እየተባለ ሲዘራ እጅ ከመቁጠር ሕጎች የመጀመሪያውን ይለማመዳል። ዕቃው ከምድር ይገኛል፣ ጉድጓዱም ይቆፈራል፣ ወጪ የለውም።

ነገር ግን ገበጣም ይመዘናል። ልጁ አንድም ቁጥር ሳይጠራ ቀኑን ሙሉ ገበጣ ሲጫወት ሊውል ይችላል። እጁ ይዘራል፣ አፉ ዝም ይላል። በጋራ ቆጠራው ደግሞ አፉ ይጮኻል፣ እጁ ሥራ ፈት ነው። አንዱ የጎደለው ሌላው ዘንድ አለ ማለት ነው። መምህሩ አንድ ሕግ ብቻ ቢጨምር ጨዋታው ይለወጣል፦ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት ልጁ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ ይናገር፤ የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚወድቅም በጣቱ ያሳይ። ከዚያ ይዝራ። ያለው ቦታ ላይ ከወደቀ ትክክል ነው፣ ካልወደቀ ገበጣው ራሱ ይነግረዋል። እንደ 45ቱ እንጨቶች እርማቱ ከዕቃው ይመጣል። ፈጣን ተጫዋች ከዘገምተኛው ጋር ማጋጠም ግን ጥሩ አይደለም፤ አንዱ እየቀማ ሌላው ተመልካች ይሆናል።

ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። በየሳጥኑ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ከተጻፈበትና ልጁ ሲዘል ቁጥሩን ከጠራ፣ ወደ ፊት ሲሄድ ቁጥሩ እየበዛ መንገዱም እየረዘመ መሆኑን በእግሩ ይማራል። መዝለል የማይችል ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ያረፈበትን ይጥራ። ይህን የምንለው ዝም ብለን አይደለም። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ትንንሽ ልጆችን በሁለት ከፍለው አጫውተዋል። አንዱ ቡድን ከ1 እስከ 10 በተጻፈበት መደዳ ሰሌዳ፣ ሌላው ተመሳሳይ ሆኖ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ ተጫወተ። ጨዋታው በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት አጫጭር ጊዜ ብቻ ነበር። በቁጥሩ ሰሌዳ የተጫወቱት በቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሻሉ፤ በቀለሙ የተጫወቱት አልተሻሻሉም። እነዚያ ልጆች የመማር ችግር አለባቸው ተብለው የተመረጡ አይደሉም፤ ስለዚህ ለኛ ተማሪዎች ከዚያ የበለጠ ጊዜና ድግግሞሽ እንደሚያስፈልግ መገመት ይገባል። ሆኖም ከላይ ስንለው የመጣነውን ይደግፋል። ተመሳሳይ ሰሌዳ፣ ተመሳሳይ ጨዋታ፤ ልዩነቱ አንዱ ላይ ቁጥር መኖሩ ነው።

ጆሮስ?

ስለ ማስተዋል ስናወራ ዓይንን ብቻ እያነሳን ጆሮን እንረሳለን። በካምፕ ግን ትልቁ መደናገር በጆሮ በኩል ነው። እንደ ካኩማ ባለ ካምፕ ያለ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ቤቱ በአማርኛ፣ ገበያው በስዋሂሊ፣ ደብተሩ በእንግሊዝኛ ነው። በስዋሂሊ “ሳባ” ሰባት ነው፤ በአማርኛ “ሰባ” ደግሞ ሰባ ነው፣ ማለትም 70። ሰባት ሽልንግና ሰባ ሽልንግ የሚያምታታ ልጅ የግድ የሒሳብ ችግር አለበት ማለት አይቻልም። በእንግሊዝኛም “ሰርቲን” እና “ሰርቲ” በጫጫታ ክፍል ውስጥ አንድ ናቸው። በራሳችን ቋንቋም “ሰላሳ” እና “ስልሳ” ይቀራረባሉ። ለዚህኛው “ስድሳ” የሚለውን መጠቀም ይረዳል፣ ስድስትን ያስታውሳልና።

በጎ ጎንም አለ። አማርኛ “አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት” ሲል፣ ስዋሂሊም “ኩሚ ና ሞጃ” ሲል፣ አሥርና አንድ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው “ኢለቨን” ይህን አያሳይም። ስለዚህ የአሥርን ነገር በቤት ቋንቋ አስጨብጦ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ስም መስጠት ይቀላል። “በክላስ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው” የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ልጁን ይጎዳል።

ስም ከመለጠፍ በፊት

በብዙ ጥናቶች እንደሚነገረው ከመቶ ልጅ ከ3 እስከ 7 የሚሆኑት የጸና የሒሳብ ችግር አለባቸው። ይህ ማለት በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ጥቂት ልጆች በእርግጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከነሱ ጋር ተቀላቅለው የሚቆጠሩ ግን ብዙ ናቸው። ሰሌዳው የማይታየው አለ፣ በጆሮ ሕመም ምክንያት የማይሰማ አለ፣ ሳይበላ የሚመጣ አለ፣ በስደት መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት ትምህርት ያጣ አለ። ስለዚህ “ይሄ ልጅ አይገባውም” ከማለት በፊት ፊት ለፊት አስቀምጡት፣ ከኋላው ሆናችሁ በዝግታ ጥሩት፣ ክሊኒክ ላኩት፣ ወላጆቹን ጠይቁ። በጣቱ የሚቆጥርን ልጅም አትምቱት፣ አትከልክሉትም። ጣት ከእግዜር የተሰጠ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው፤ በሬሽን ቀን እንኳ አብሮት ይሄዳል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ አንድ መልመጃ በእጃችን ሲገባ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። ልጁ የሚያየውና የሚነካው ነገር ብዛት ነው ወይስ ቀለምና ጌጥ ብቻ? እጁና አፉ አብረው ይሠራሉ? ሲሳሳት ዕቃው ራሱ ያሳየዋል ወይስ የኛን ፊት ማየት አለበት? ሦስቱንም ካሟላ ከየትም ይምጣ እንያዘው። ካላሟላ የውጭ ማህተም ቢኖርበትም ለዕረፍት ሰዓት እናቆየው።

ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። አንድ መምህር መቶ ልጅ ለየብቻ ማስቆጠር አይችልም። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ከትምህርት በኋላ አሥር ደቂቃ ከአንድ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ “ሦስት ስጠኝ” ማለት ይችላል። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ቢሆንም ይሆናል። ዛሬ ሦስት ላይ የነበረው ልጅ ከአንድ ወር በኋላ ስንት ላይ እንደደረሰ በደብተራችሁ ያዙ። የሞከራችሁትን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን።